የታምራት አራት ገመዶች

ሳጅን ጌጤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሐምሌ ሰማይ ግን ቂም እንደያዘ ሰው ከጉና በኩል አሁንም ያጉረመርማል። ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋፋት ከሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ግቢ።

«ማንም ምንም አልነካም» አላት በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትሉኛላችሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ወንበር ቦታውን ለቆ አገኘዋለሁ» አለችና ጭቃዋን አራግፋ ገባች።

ጌጤ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የጣቢያው ሰዎች «ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ያን ቀን ግን ሳሎኑ ውስጥ ያየችው ነገር ምላሷን አሰረው።

ታምራት እሸቴ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በጎኑ ወድቋል። ባዶ እግሩን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ሲሚንቶው ላይ የእግሩ ውሃ ገና አልደረቀም። በቀኝ መዳፉ ላይ ሽንብራ የምታክል የተቃጠለች ቦታ አለች። አጠገቡ ሁለቱም ራሶቹ ወርቅማ ብረት የሆኑ አዲስ ገመድ ተዘርግቷል፤ አንዱ ራስ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል፣ ሌላው የኳስ ጌም ማጫወቻው ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። አባቱ ጋሽ እሸቴ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ፊት በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን። አያለቅሱም። ከልቅሶ ይልቅ ይህ ሰውን ይጎዳ ነበር።

በዚህ መሐል ከማል እየሮጠ ገባ። ከማል የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ገመድም ይሸጣል። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰካው የቴሌቪዥኑ ስፒና ሄደና እንደ እብድ ጮኸ።

«ማነው የገለበጠው? ስፒናውን ማነው የገለበጠው?»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ነገሩ የኤሌክትሪክ አደጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰው እጅ ያለበት ሞት ሆነ።

ከማል አስረዳ። ቴሌቪዥኑ ጋሽ እሸቴ አሰብ ሲመላለሱ ያመጡት አሮጌ ነው፤ ከአንቴና በቀር ሌላ መሰኪያ አልነበረውም። ለጌሙ ገመድ መሰኪያ የገጠመለት ከማል ነው።

«እንዲህ ያለ አሮጌ ቴሌቪዥን ክፉ ጠባይ አለው» አለ። «ስፒናው በአንድ ፊቱ ሲሰካ የውስጡ ብረት ደኅና ነው። ተገልብጦ ሲሰካ ግን ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ከሱ የተሰካው ገመድም አብሮ። መፍትሔው ትራንስፎርመር ነው። ከባሕር ዳር እስኪመጣ ጠብቅ ብለው ‹እሁድ ከአባባ ጋር ግጥሚያ አለኝ› አለኝ። እሺ አልኩት። ወላሂ፣ እሺ ማለት አልነበረብኝም። ስፒናው ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግሁና ‹ነጥቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ!› ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳየሁ። ሁሉም ‹አየን› አሉኝ።»

ጌጤ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ቀዩ ነጥብ ወደ መሬት ዞሯል።

የጣቢያው አዛዥ ብዙ አላሰቡም። «ቴሌቪዥኑን የነካካው እሱ፣ ገመዱን የሸጠው እሱ። አስገቡት» አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አዛዡ ሞኝ አልነበሩም፣ ከማልን ግን ጥብቅ አድርገው ያዙ። በማግስቱ ታምራት ሲቀበር ከማል የጣቢያው ክፍል ውስጥ ነበር።

«አንድ አካፋ አፈር እንኳ አላለበስኩትም» አላት ለጌጤ። «ቢያስሩኝ ግድ የለም። ግን ጓደኛዬን አልቀበርኩትም።»

በነፍስ ግድያ ከተከሰሰ ብዙ ዓመት ይጠብቀዋል፤ ሚስቱ ራቢያ ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። «የገለበጠውን ሰው አገኘዋለሁ» አለችው። ቃል መስጠት አትወድም ነበር፤ ያን ቀን ሰጠች።

መጀመሪያ የጠየቀችው እቴነሽን ነው። እቴነሽ የጋሽ እሸቴ ሚስት፣ የታምራት የእንጀራ እናት ናት፤ በእንጀራ እናት ላይ ደግሞ ጎረቤት ሳይጠየቅ ይመሰክራል።

«አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«አንበሳሜ ገበያ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። በሚኒባስ አብረውኝ የመጡ አሉ፣ ጠይቂያቸው።»

«ስፒናውን ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ የመብራቱን ማብሪያ እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ነው የምጫነው! ይስቅብኝ ነበር። ‹እቴቴ፣ እባብ እኮ አይደለም› ይለኛል።» ሳቅ ሊቀድማት ሲል ወደ ልቅሶ ዞረ። «አልወለድኩትም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ግን ራሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ጌጤ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ መሳቢያ ከፍታ ሦስት ገመዶች አወጣች።

«ይህ ሁሉ ገመድ ለምንድን ነው?»

«እኔም እሱን ነበር የምለው! አንዱን ያመጣል፣ ወር ሳይሞላው ሌላ። ‹ምስሉ አልጠራልህም ወይ?› ስለው ‹ለእኔስ ጥርት ብሏል እቴቴ› ይላል። ጥርት ካለ ምን ያስሮጥሃል ስለው ዝም።»

ሁለተኛው አዳነ ነው፤ ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የሚኖር ተከራይ፣ አስተማሪ።

«‹ይህን ገመድ አንድ ቀን በመቀስ እቆርጠዋለሁ› ብለሃል ይባላል።»

«ብያለሁ» አለ አዳነ ላቡን እየጠረገ። «እኔ ለክረምት ትምህርቴ ሳጠና አባትና ልጅ ‹ጎል!› እያሉ ጣሪያ ያነሳሉ። ማን ያልላል?»

«በዚያ ቀን የሰማኸውን ንገረኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብረቁ ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ መብረቁ ሄደ፣ ዝናቡ ቀጠለ። ጋሽ እሸቴ ሳሎን ውስጥ ሲያስሉ ሰማኋቸው። አሥር ተኩል ላይ የግቢው በር ጮኸ፤ ታምራት ነው፣ በሩጫ። ከአባቱ ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ጥቂት ቆይቶ ከባድ ነገር ወደቀ። ሮጥኩ። መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁት፤ ግን እሱ…»

«ከታምራት በፊት በሩን የከፈተ አለ?»

«የለም። ያ በር ሲከፈት ሙት ይቀሰቅሳል።» አዳነ የተናገረው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ። እንግዳ ካልገባ፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሱና ጋሽ እሸቴ ብቻ ናቸው።

ጌጤ በመጀመሪያው ቀን ግቢውን ዞራ አይታዋለች። ከአዳነ ክፍል እስከ ሳሎኑ ባለው ጭቃ ላይ አንድ መስመር የጫማ ዱካ ነበር፣ እርምጃው የተራራቀ። ይህን ለጊዜው በልቧ ያዘች።

በሠልስቱ ቀን ጋሽ እሸቴን ከቤቱ ጥግ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አጠገባቸው እስክትደርስና እስክትናገር ድረስ ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። መብረቁ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ። መብረቅ እያጓራ የተሰካ ነገር ይተዋል እንዴ? ነቀልኩት፤ ጋቢ አለበስኩት። ሲያልፍ ጋቢውን አጥፌ መልሼ ሰካሁት። ልጁ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ብዬ።»

ጋቢውን ጌጤ አይታዋለች፤ ሹፌር የጭነት ሸራ እንደሚያጥፈው አራት ማዕዘኑ ተጠብቆ ታጥፎ ነበር።

«ነጥቡስ?»

«ወደ ላይ። በዓይኔ አይቼ ነው የሰካሁት። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ ልጄ፣ አንድ ሰው አልገጨሁም። ጥንቃቄ ለእኔ አይነገርም።»

ጌጤ ከፖስታዋ ፎቶ መዝዛ አቀበለቻቸው። «ያኔ ነጥቡ እንዲህ ነበር?»

ሽማግሌው ፎቶውን ራቅ፣ ከዚያ ቀረብ አድርገው ያዙት። «አዎን፣ እንዲህ ነበር። ከእኔ በኋላ የነካው ሰው አለ።»

አዛዡ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ። «በቃ! ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን አዘጋጀ፣ አስተማሪው ስፒናውን ገለበጠ። ጋሽ እሸቴን የሚያህል ሰው መስክሯል። ነገ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጌታዬ» አለች ጌጤ። «እስከ ነገ ጠዋት ይስጡኝ።»

ከዚያው በቀጥታ ጌም ማጫወቻውንና አራቱን ገመዶች ይዛ ወደ ከማል ሱቅ ሄደች። ራቢያ ወገቧን ይዛ በሩን ከፈተችላት። ሱቁ ውስጥ ባለው ደኅና ቴሌቪዥን ላይ ገመዶቹን በየተራ ሰኩ።

የመጀመሪያው የአንቴና ገመድ ነው፤ ምስልና ድምፅ በአንድ ቀጭን ሽቦ አጭቆ ያመጣል። ሜዳው ጉም የወረደበት መሰለ። ሁለተኛው ቢጫ ራስ አለው፤ ምስሉን ለብቻው ያመጣል። ጉሙ ተገፈፈ፤ ስለ ኳስ ምንም የማታውቀው ጌጤ የተጫዋቾቹን የማልያ ቁጥር አነበበች። ሦስተኛው ብርሃኑን ከቀለሙ ለይቶ የሚያመጣ ነበር፤ የሣሩ መስመር ሳይቀር ጎላ። አራተኛው ከሦስተኛው ዓይነት ሆኖ ሽቦው ይወፍራል፣ ራሱም ፕላስቲክ ሳይሆን ብረት ነው። ልዩነቱን ለማየት አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች፤ ምንም አላየችም።

«ከማል ስለዚህኛው ምን ይል ነበር?»

«‹ከሦስተኛው በኋላ የሚጨመር ነገር የለም› ብሎት ነበር» አለች ራቢያ። «ታምራት ግን እየተመላለሰ ‹ገና ደብዛዛ ነው፣ ኳሱ ይጠፋል፣ የተሻለ ፈልግልኝ› ይለዋል። ቢጨንቀው ይህን ከአዲስ አበባ አስመጣለት። በሞተበት ቀን ገና ካርቶኑ ሲከፈት ነው ታምራት ነጥቆ የሮጠው።»

ለእኔስ ጥርት ብሏል። ገና ደብዛዛ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ከልቡ ሊል አይችልም። ሁለተኛው ቃል ታምራት ከሌላ ሰው ተቀብሎ የሚያደርሰው ነበር።

ጌጤ ፖስታዋን ከፈተች። ውስጡ ሁለት ፎቶ ነበር፦ ሬሳውና የታጠፈው ጋቢ። የስፒናው ፎቶ ገና ከፎቶ ቤት አልመጣም። ሳታይ ከላይ መዝዛ ለጋሽ እሸቴ ያቀበለቻቸው የጋቢውን ፎቶ ነው።

«ምን ሆንሽ እህቴ?» አለቻት ራቢያ።

«ምንም። ምነው ባልደረስኩበት» አለች ጌጤ፤ ገመዶቹንም አንድ በአንድ ጠቀለለች።

በማግስቱ ማለዳ ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ አዛዡ፣ እቴነሽ፣ አዳነ፣ ራቢያ፣ በሁለት ፖሊሶች መሐል ደግሞ ከማል። ጌጤ አስቀድማ ጋሽ እሸቴን ወደ ጓዳ ጠርታ ነበር።

«ጋሼ፣ በፊት ሁለታችን ብቻ ብንነጋገር።»

«የልጄን ገዳይ ካገኘሽ በሰው ፊት ተናገሪ» አሏት። «እኔም በሰው ፊት ልስማው።»

ስለዚህ በሰው ፊት ጀመረች።

«ታምራትን ለመግደል ሁለት ነገር መገናኘት ነበረበት፤ የተገለበጠ ስፒናና ራሱ ብረት የሆነ ገመድ። የበፊቶቹ ገመዶች ራሳቸው ፕላስቲክ ነው፤ ጣት በቀላሉ ብረት አያገኝም። አራተኛው የመጣው በዚያው ቀን ነው። ታምራት ይዞት በዝናብ ሮጠ፤ የእትዬ እቴነሽ ወለል እንዳይጨቀይ ጫማውን ደጅ አወለቀ፤ ምስሉን ቶሎ ለማየት ቴሌቪዥኑን አስቀድሞ ከፈተ። እርጥብ እግሩ ሲሚንቶ ላይ እንዳለ ገመዱን ያዘ።»

እቴነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ገመዱ በዚያ ሰዓት እንደሚመጣ እዚህ ግቢ ያለ ማንም አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ከማል ብቻ ነው፤ ከማል ደግሞ ሱቁ ነበር። እንግዲህ ሊገድል ያሰበ ሰው የለም። የሚቀረን ስፒናውን የገለበጠው እጅ ነው።»

«አስተማሪው ነዋ!» አሉ አዛዡ።

«አዳነ ወደዚህ ቤት የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ አንድ መስመር ነው፣ የሚሮጥ ሰው እርምጃ። ድምፁን ሰምቶ ሲሮጥ ነው። ከዚያ በፊት ቢመጣና ቢመለስ ኖሮ ጭቃው ይናገር ነበር። እትዬ እቴነሽ አንበሳሜ ነበሩ። የግቢው በር አልተከፈተም። እንግዲህ…»

ስንት ሌባና ስንት ነፍሰ ገዳይ ያፋጠጠች ሴት ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ጨርሺው ልጄ» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«ስፒናውን መጨረሻ የነካው የአንቱ እጅ ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ በማርያም!» እቴነሽ ብድግ አለች። «ነጥቡን አይቼ ነው የሰካሁት ብሏል እኮ! እሸቴ ዋሽቶ አያውቅም!»

«ስለ ዓይናቸው ብቻ ነው የዋሹት፣ እትዬ። ታምራት ሁለተኛው ገመድ ይበቃው ነበር። ሦስተኛውንና አራተኛውን ያስመጣው ለራሱ አልነበረም። ከጎኑ ተቀምጦ ኳሱ የማይታየው ሰው ነበር። ትናንትም፣ ጋሼ፣ የስፒናው ነው ብዬ የሰጠሁዎት ፎቶ የጋቢ ፎቶ ነው። ተሳስቼ ነው። ‹ነጥቡ እንዲህ ነበር› አሉኝ።»

ጋሽ እሸቴ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ምሽት ምሽት ነበር። ከዚያ ቀኑም ጉም ሆነ። ሹፌር ነኝ፤ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ለማን ልንገር? ልጄ ‹አባባ፣ ኳሱ ታየዎት?› ሲለኝ ‹ገመድህ ነው፣ ደብዛዛ ነው› አልኩት። አመነኝ። ሌላ ገመድ አመጣ። ‹አሁንስ?› አለኝ። ‹ትንሽ ይቀረዋል› አልኩት። እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ አለፋሁት።»

«ጋሼ» አለ ከማል፤ ከፖሊሶቹ መሐል ሆኖ እንባው ይወርዳል። «ያን ቴሌቪዥን እንዲያ አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ተው ከማል። አንተ ነጥብ አድርገህለታል።» አሉ ጋሽ እሸቴ። «ያን ቀን እንደገባ ጠየቀኝ። ‹አባባ፣ ለመብረቁ ነቅለውት ነበር? ነጥቡን አዩት?› አለኝ። ‹አየሁት› አልኩት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳልገጭ…»

አልጨረሱትም። ያልመጣው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ፤ እቴነሽ ሄዳ ራሳቸውን ደረቷ ላይ አደረገችው። አዛዡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ደጅ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ጌጤ የጋሽ እሸቴን ቃል ጻፈች። ከማል ስለ ሥራው ጉድለት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የነፍስ ግድያው ክስ ግን በዚህ ቃል ይወድቃል፣ በዋስም ይወጣል። ዋስ ማን እንደሚሆነው ሲጠየቅ ራቢያ አፏን ሳትከፍት ጋሽ እሸቴ «እኔ ነኝ» አሉ። ከማል ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ጌጤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ብዕሩን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ክፍሉ ውስጥ አዛዡም፣ አዳነም፣ ሁለት ፖሊሶችም ነበሩ።

«አይታየኝም» አሉ ጋሽ እሸቴ። ድምፃቸው ሁሉም ሰው እስኪሰማው ድረስ ከፍ ብሏል። «ቦታውን አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ጌጤ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። ስማቸውን ሲጽፉ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ጣቷን ነካው፤ ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ አላነሳችም።